ዝቅ የሚል መሬትን ከ700 ኪሎ ሜትር ከፍታ መለካት

መሬት ቀስ ብሎ ሲሰምጥ ማንም አያየውም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቤቱም፣ መንገዱም፣ ዛፉም፣ ቆሞ የሚመለከተው ሰውም አብረው ነው የሚወርዱት። በዓመት 10 ሴንቲሜትር የሚወርድ ሜዳ ላይ ዕድሜያችሁን ሙሉ ብትኖሩ እግራችሁ ምንም አይነግራችሁም። ግድግዳ የሚሰነጠቀውና ቱቦ የሚፈነዳው አንዱ ጥግ ከሌላው ሲፈጥን ነው። እኩል የሚወርድ ሰፈር ግን ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል። ጎርፍ መጥቶ ድሮ የማይደርስበት ቦታ ላይ እስኪተኛ ድረስ የሚያውቅ የለም።

እኔ ሰርቬየር ነኝ። ሥራዬን የጀመርኩት በሌቭልና በስታፍ፣ ማለትም በከፍታ መለኪያ መነጽርና ቁጥር በተጻፈበት ረጅም ዘንግ ነው። አሁን አብዛኛው ጊዜዬ የሚያልፈው ኮምፒውተር ፊት፣ ከሳተላይት የተነሳ የራዳር ምስል ሳቀናብር ነው። ከሌቭል የመጡ ባልደረቦቼ ራዳሩን አያምኑትም። "ከሰማይ ሆኖ ሚሊሜትር? ተወኝ እባክህ!" ይሉኛል። ከኮምፒውተር በኩል የመጡት ወጣቶች ደግሞ ካርታው ላይ ቀይ ካዩ አለቀ፣ መሬቱ ሰምጧል። ሁለቱም ወገን ጋ የጎደለ ነገር አለ። ራዳሩ በእርግጥም ሚሊሜትር ይለካል። የሚለካው ግን የርቀትን ለውጥ ነው እንጂ መስመጥን አይደለም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ሥራ ብዙ ነው፤ ዛሬ የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

መጀመሪያ ስለ ድሮው መንገድ ትንሽ ልበል። ሌቭሊንግ ሲሠራ፣ ከፍታው የታወቀ ነጥብ ላይ፣ ማለትም ቤንችማርክ ላይ፣ ስታፍ ይቆማል። በመሣሪያው አይታችሁ ቁጥሩን ታነባላችሁ። ስታፉ ወደ ፊት ይሄዳል፣ እንደገና ታነባላችሁ። እንዲህ እያላችሁ ኪሎ ሜትሮችን ታቋርጣላችሁ። በጥንቃቄ ከተሠራ በኪሎ ሜትር የሚስተው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። እኩለ ቀን ላይ አስፋልቱ ሲግል ግን አየሩ ይንቀጠቀጣል፣ ስታፉ ላይ ያሉት ቁጥሮች ይዋዥቃሉ። ያኔ ሥራ ይቆማል። አየር የሚያሳየንን ነገር እንደሚያጣምም የተማርኩት እዚያ ነው፤ ራዳር ላይም ያው አየር ጠበቀኝ።

ሌቭል ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ የምታውቁት ያለፋችሁበትን መስመር ብቻ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ስላለው መሬት የምታውቁት ነገር የለም። ሁለተኛው ይብሳል። የተነሳችሁበት ቤንችማርክ ራሱ ከመሬቱ ጋር እየወረደ ከሆነስ?

በዚህ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ፎቶ አለ። ቦታው ካሊፎርኒያ ውስጥ የሳን ዋኪን ሸለቆ ነው። ጆሴፍ ፖላንድ የሚባል የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ባለሙያ ከአንድ የመስመር ምሰሶ ሥር ቆሟል። ምሰሶው ላይ ሦስት ሰሌዳዎች ተሰቅለዋል። ከእግሩ አጠገብ 1977፣ ከራሱ በላይ 1955፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንገት ቀና ተደርጎ የሚታይ ቦታ ላይ 1925 ተጽፏል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1925 የመሬቱ ገጽ እዚያ ላይ ነበር ማለት ነው። በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ መሬቱ 9 ሜትር ገደማ ወርዷል። እርሻ ለማጠጣት የከርሰ ምድር ውሃ ተስቦ ተስቦ የመጣ ነው። ያ ሁሉ ሲሆን የአካባቢው ሰው በየዕለቱ በዚያ መንገድ ይመላለስ ነበር።

ታዲያ ራዳሩ ምን ያደርጋል?

እኔ በብዛት የምጠቀምበት ሴንቲኔል-1 የሚባለውን የአውሮፓውያን ሳተላይት ነው። ከመሬት በላይ 693 ኪሎ ሜትር ላይ ይዞራል። ቁልቁል ሳይሆን ወደ ቀኝ ጎኑ አዘንብሎ የማይክሮዌቭ ሞገድ ይልካል፤ መሬት ነክቶ የሚመለሰውን ይቀበላል። በራሱ ሞገድ ስለሚያይ ጨለማም ደመናም አያግደውም። አንቴናው 12 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ርቀት ላይ በዚህ አንቴና ብቻ ቢያይ አንዱ ነጥብ መሬት ላይ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ይሰፋ ነበር። 20 ሜትር የሚሰፋ ነገር ለይቶ ለማየት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም አንቴና ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ነገር ወደ ሰማይ የሚወስድ የለም። ስለዚህ ሳተላይቱ እየሄደ የተቀበላቸው ምላሾች ተሰብስበው፣ እንደ አንድ ረጅም አንቴና ሆነው በስሌት ይቀናበራሉ። ሲንተቲክ አፐርቸር ራዳር (አንቴናው በስሌት የተሠራ ራዳር እንደማለት) የተባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ተመልሶ የሚመጣው ሞገድ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል። አንደኛው ጥንካሬው ነው፤ ጥቁርና ነጭ ፎቶ የሚመስለው ምስል ከዚያ ይወጣል። ሁለተኛው ሞገዱ ሲደርስ ከዑደቱ የትኛው ቦታ ላይ እንደነበር ነው። በእንግሊዝኛው ፌዝ ይባላል። የደቂቃ መቁጠሪያ ብቻ ያለው ሰዓት አስቡ። ስንት ሰዓት እንደሆነ አይነግራችሁም፤ ከቅድሙ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ ግን በትክክል ታነቡበታላችሁ። ፌዝም እንዲሁ ነው። ከሳተላይቱ መሬት ደርሶ መልስ ስንት ሚሊዮን ዑደት እንደሆነ አይናገርም። የመጨረሻው ዑደት የት ላይ እንደቆመ ግን በሚሊሜትር ይናገራል።

ሳተላይቱ ከ12 ቀን በኋላ በዚያው መንገድ ተመልሶ ያንኑ ቦታ ያያል። የሁለቱን ቀን ፌዝ ፒክሰል በፒክሰል ታቀናንሳላችሁ። መሬቱ ካልተነቃነቀ ልዩነቱ ዜሮ መሆን አለበት። ከሳተላይቱ ከራቀ ወይም ወደ እሱ ከቀረበ ልዩነት ይወጣል። የሴንቲኔል-1 የሞገድ ርዝመት 5.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ሞገዱ ሄዶ ስለሚመለስ 2.8 ሴንቲሜትር የርቀት ለውጥ አንድ ሙሉ ዑደት ይሆናል። ይሄ በቀለም ሲሳል፣ ከሰማያዊ ተነስቶ በቢጫና በቀይ አልፎ ወደ ሰማያዊ የሚመለስ አንድ የቀለም ዙር ይሰጣል። ይህን ምስል ኢንተርፌሮግራም እንለዋለን፤ ዘዴውን በአጭሩ ኢንሳር። እየሰመጠ ያለ ቦታ ላይ የቀለም ዙሮቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ስንት እንደሆኑ መቁጠር ነው።

ሳተላይቱ በትክክል በቀድሞው መስመር ላይ አይመለስም፤ ትንሽ ፈንጠር ይላል። ያ ፈንጠር ማለት ተራራና ሸለቆውም የራሱን ቀለም ይጨምራል ማለት ነው። ስለዚህ የመሬቱ ቅርጽ ከሌላ መረጃ ተወስዶ ይቀነሳል። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በየካቲት 2000 በ11 ቀን ውስጥ የሰበሰበው የከፍታ ካርታ ነው። እሱን ስትቀንሱ የሚቀረው የእንቅስቃሴ ምልክት ነው። ወይም እንደዚያ ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ጋብርኤል፣ ጎልድስታይንና ዘብከር የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1989 ያሳተሙት ሥራ የተመሠረተው ሲሳት የሚባለው ሳተላይት በ1978 በሰበሰበው መረጃ ላይ ነበር። ሲሳት የሠራው ጥቂት ወራት ብቻ ነው። እነሱ ግን ከዚያች ጥቂት መረጃ ካሊፎርኒያ ውስጥ ውሃ የጠጡ ማሳዎች በሴንቲሜትር ማበጣቸውን አወጡ። አፈሩ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ያንን እብጠት ከጠፈር አዩት። ይህን ሥራ ሳነብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሰፊው ዓለም ግን ኢንሳርን ያወቀው በ1993 ነው። ሰኔ 1992 ካሊፎርኒያ ላንደርስ ላይ 7.3 የሚለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። የፈረንሳዩ ዲዲዬ ማሶኔና ባልደረቦቹ ኢአርኤስ-1 ከሚባለው ሳተላይት ምስሎች የመሬቱን መፈናቀል በቀለም ዙሮች አሳዩ። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ የተመለከተ የለም።

አሁን ወደ ሜክሲኮ ሲቲ ልውሰዳችሁ፤ የሚሰምጥ ከተማ ከተባለ መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው። ከተማው የቆመው በድሮ ሐይቅ ወለል ላይ ነው። ከሥሩ ውሃ ያዘለ ወፍራም የሸክላ አፈር አለ። ከተማው ይህን ውሃ ይስባል፤ ሸክላው ይጨመቃል። አንዳንዱ ሰፈር በዓመት 50 ሴንቲሜትር ገደማ ይወርዳል። የነጻነት መልአክ የሚባለው ሐውልት በ1910 ነው የተመረቀው። መሠረቱ ጥልቅ ስለሆነ ዙሪያው ሲወርድ እሱ ባለበት ቀረ። ሰው ወደ ሐውልቱ እንዲወጣ 14 ደረጃዎች ሲጨመሩ ኖረዋል። ሐውልቱ አላደገም፤ ከተማው ነው የወረደው።

ቁጥሩን በራዳር ዓይን እንየው። 50 ሴንቲሜትር ቁልቁል ነው። ሳተላይቱ ግን ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ በ39 ዲግሪ ገደማ ነው የሚያየው እንበል። በዚያ አቅጣጫ የሚታየው 39 ሴንቲሜትር አካባቢ ይሆናል። ለ2.8 ስናካፍለው 14 የቀለም ዙር ነው። የአንድ ዓመት ልዩነት ያላቸው ሁለት ምስሎች ብታቀናንሱ 14 ዙር በጠባብ ቦታ ተጨናንቆ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ተደባልቆ አይነበብም። በ12 ቀን ግን የሚወርደው 1.6 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ይህ ከአንድ ዙር ያንሳል፣ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ሳተላይቱ ቶሎ ቶሎ መመለሱ ለምን ዋጋ እንዳለው እዚህ ላይ ይገባችኋል። ሁለቱ ሴንቲኔሎች፣ 1ኤ እና 1ቢ፣ አብረው ሲሠሩ በየ6 ቀኑ ምስል እናገኝ ነበር። በታኅሣሥ 2021 ሴንቲኔል-1ቢ ኃይሉ ተቋርጦ ሲቀር ያዘንነው ለዚህ ነው። ተተኪው ሴንቲኔል-1ሲ የወጣው በታኅሣሥ 2024 ነው።

ሸክላው ለምን ይጨመቃል? ከላይ ያለው አፈርና ሕንፃ ሁሉ ክብደቱን የሚጥለው በሁለት ነገር ላይ ነው፤ በአፈሩ ቅንጣቶችና በመሀላቸው ባለው ውሃ ላይ። ውሃው በግፊቱ የድርሻውን ይሸከማል። ውሃውን ስትስቡት ግፊቱ ይቀንሳል፤ ሸክሙ ወደ ቅንጣቶቹ ይዞራል። ይህን ሕግ በ1920ዎቹ ያስቀመጠው ካርል ቴርዛጊ ነው። አሸዋና ጠጠር ከሆነ ትንሽ ይጨመቃል፤ ውሃው ሲመለስ እሱም ይመለሳል። ሸክላ ግን ቅንጣቶቹ እንደ ቅጠል ስስና ጠፍጣፋ ናቸው፤ አንዴ ከተደራረቡ አይላቀቁም። ውሃውን መልሳችሁ ብትሞሉት መሬቱ ወደ ቦታው አይወጣም። ያ ውሃ ይቀመጥበት የነበረው ክፍተትም አብሮ ይጠፋል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የጠፋው ከፍታ ብቻ አይደለም፤ የመሬቱ ጎተራም ነው።

ግን ይቆማል። ይህን መናገር አለብኝ፤ ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ፈጣሪ ቁጣ ስለሚያየው። ቶኪዮ ውስጥ ከ4 ሜትር በላይ የሰመጡ ሰፈሮች ነበሩ። ውሃ መሳብን የሚገድብ ሕግ ሲወጣና ሲጠበቅ መስመጡ ተገታ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ሆዜ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ 4 ሜትር ገደማ ወርዳ ነበር። ከሌላ ቦታ ውሃ መጣላት፣ ጉድጓዶቹ አረፉ፣ መሬቱም ቆመ። ዛሬ በራዳር ስናያት በበጋ ትንሽ ዝቅ፣ በዝናብ ወቅት ትንሽ ከፍ ትላለች። የሚመለስ እንቅስቃሴ ነው። ያንን መውጣትና መውረድ በግራፍ ስመለከት ደስ ይለኛል፤ የሚተነፍስ መሬት ገና አልሞተም።

እንግዲህ ካርታው ስለሚያሳስትባቸው ነገሮች ልናገር።

አየሩ የመጀመሪያው ነው። ሞገዱ መሬት ለመድረስ አየሩን ያቋርጣል። አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ሞገዱን ያዘገየዋል። የዘገየ ሞገድ ደግሞ ከሩቅ የመጣ ይመስላል። ዘብከርና ባልደረቦቹ በ1997 እንዳሳዩት፣ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 20 በመቶ ቢለዋወጥ ከ10 እስከ 14 ሴንቲሜትር የሚደርስ የሐሰት እንቅስቃሴ ሊመጣ ይችላል። መሬቱ ሳይነቃነቅ! ስለዚህ ከሁለት ምስል ብቻ ተነስቶ "ይህ ሰፈር 3 ሴንቲሜትር ወርዷል" የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የዚያን ዕለት አየር ነው። የሐሰቱ ምልክት ብዙ ጊዜ ደመና ይመስላል፤ ወይም ተራራውን ተከትሎ ይወጣል። ዓይን እየለመደው ይሄዳል፤ ግን ዓይን ብቻውን አይበቃም።

መፍትሔው ብዛት ነው። አየሩ በየቀኑ ይለዋወጣል፤ የመስመጡ አቅጣጫ ግን አይለወጥም። መቶ ምስሎችን ብትደረድሩ የአየሩ ጭማሪና ቅናሽ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የመሬቱ ግን እየተጠራቀመ ይሄዳል። ሚላን ፖሊቴክኒክ ውስጥ ፌሬቲ፣ ፕራቲና ሮካ በ2000 አካባቢ ያመጡት ሐሳብ ይህን ወደፊት አራመደው። ምስሉ ውስጥ ለዓመታት የማይለወጡ ነጥቦችን ብቻ መከተል ነው ሐሳቡ። የሕንፃ ጥግ፣ የብረት ምሰሶ፣ እርቃኑን ያለ ድንጋይ። ከእነዚህ የሚመጣው ምላሽ የተረጋጋ ነው። በዚህ መንገድ ከተማ ውስጥ በዓመት አንድ ሁለት ሚሊሜትር መለየት ይቻላል። ባልደረባዬ "ተወኝ እባክህ" የሚለው ሚሊሜትር ከዚህ ይመጣል። ከመቶ ምስሎች ነው እንጂ ከአንዱ አይደለም።

አቅጣጫው ሌላው ነው። ሳተላይቱ የሚያውቀው መሬቱ ወደ እሱ መቅረቡን ወይም ከእሱ መራቁን ብቻ ነው። ቁልቁል የወረደ መሬት ከሳተላይቱ ይርቃል። ወደ ጎን፣ ከሳተላይቱ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ የተንሸራተተ መሬትም ይርቃል። ምስሉ ላይ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ለመለየት ሳተላይቱ ወደ ሰሜን ሲወጣ ያየውንና ወደ ደቡብ ሲወርድ ያየውን አንድ ላይ ማምጣት ያስፈልጋል። አንዱ ከምዕራብ፣ ሌላው ከምሥራቅ ያያል። ያኔ ቁልቁሉና የምሥራቅ-ምዕራቡ ይለያያሉ። የሰሜን-ደቡብ እንቅስቃሴ ግን፣ ሳተላይቱ ራሱ በዚያ መስመር ስለሚጓዝ፣ በደንብ አይታይም። ይህን ያልጻፈ ካርታ ጎደሎ ነው።

ከሁሉም በላይ የምጨነቅበት ግን የማጣቀሻ ነጥቡ ነው። ኢንሳር ፍጹም ቁጥር የለውም። ሁሉም ፒክሰል የሚነበበው ከአንድ ከተመረጠ ነጥብ አንጻር ነው። ያ ነጥብ ዜሮ ተብሎ ይሰየማል። ዜሮ ነው ስለተባለ ብቻ ቆሟል ማለት አይደለም።

አንድ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ያሠራውን ሪፖርት አይቼ አስተያየት እንድሰጥ ተላከልኝ። ካርታው ያምራል። ሜዳው መሀል አረንጓዴ፣ ዙሪያው ያሉት ኮረብታዎች ደማቅ ሰማያዊ ናቸው። ሪፖርቱ ኮረብታዎቹ በዓመት 4 ሴንቲሜትር እየተነሱ ነው ይላል፤ ከመሬት ውስጥ ኃይሎች ጋር የሚያያይዝ አንድ ገጽ ሙሉ ማብራሪያም አለው። የማጣቀሻ ነጥቡ የት እንደሆነ ፈለግኩ። ጽሑፉ ውስጥ የለም። መረጃውን ስከፍተው ሶፍትዌሩ በራሱ መርጦታል፤ ምልክቱ ጥሩ የሆነለትን ፒክሰል፣ ሜዳው መሀል ካለ ሰፈር ውስጥ። ከዚያ ሰፈር ዙሪያ ያሉት የውሃ ጉድጓዶች ብዙ ናቸው። ማጣቀሻውን ወደ ኮረብታው ድንጋይ ሳዛውረው ካርታው ተገለበጠ። ኮረብታዎቹ ቆሙ፤ ሜዳው በዓመት 4 ሴንቲሜትር ወረደ። ስሌቱ ላይ አንድም ስህተት አልነበረም። ሰው የሚኖርበት ሜዳ እየሰመጠ፣ ሪፖርቱ ግን የሚያወራው ስለ ኮረብታ ነበር። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

እዚህ ላይ ነው ሌቭሉ የሚመለሰው። የቤንችማርክን ነገር የለመደ ሰው "ከምን አንጻር?" ብሎ መጠየቅ ደሙ ውስጥ አለ። ማጣቀሻችሁን ጠንካራ አለት ላይ አድርጉት። ቢቻል ያለማቋረጥ የሚመዘግብ የጂፒኤስ ጣቢያ አጠገብ ይሁን፤ ጣቢያው ራሱ መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱን ይነግራችኋል። ከዚያ ካርታው ላይ ቀለሙ በድንገት የሚቀየርበትን ድንበር ፈልጉ። ሕንፃ የሚሰነጠቀው ቀዩ መሀል ሳይሆን እዚያ ድንበሩ ላይ ነው። ላስ ቬጋስ ውስጥ በራዳር የታየው የሚሰምጥ ቦታ ጠርዙ የድሮ ስንጥቆችን ተከትሎ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነበር። ሌቭሊንጉን ያንን ድንበር እንዲያቋርጥ አድርጋችሁ ሥሩ። ራዳሩ ስታፌን አላስጣለኝም፤ የት እንደማቆመው ነገረኝ።

ራዳሩ የማይመልሰው አንድ ጥያቄ ጥልቀቱ ነው። መሬቱ ወርዷል፤ ግን የተጨመቀው የትኛው ንብርብር ነው? 20 ሜትር ላይ ያለው ወይስ 200 ሜትር ላይ ያለው? ለዚህ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ታች ጠንካራ ቦታ ላይ የታሰረ ዘንግ የሚገባበት ኤክስቴንሶሜትር የሚባል መሣሪያ አለ። ቢያንስ ቢያንስ የአካባቢውን ጉድጓዶች የውሃ ከፍታ መዝገብ ከራዳሩ ግራፍ ጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ውሃው ሲወርድ መሬቱ ከወረደ፣ ውሃው ሲቆም መሬቱ ከቆመ፣ ክርክሩ ያልቃል።

መማር ለምትፈልጉ፣ የሴንቲኔል-1 መረጃ ለማንም ሰው በነጻ ነው። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ያዘጋጀው ስናፕ የሚባል ሶፍትዌርም ነጻ ነው። ሚንትፓይና ሊክስባስ የሚባሉት ደግሞ ብዙ ምስሎችን ደርድረው የጊዜ ግራፍ ያወጣሉ። በመጀመሪያ የራሳችሁን ቦታ አትያዙ። መልሱ የታወቀ ቦታ፣ ለምሳሌ ሜክሲኮ ሲቲን፣ ያዙ። ምልክቱ በጣም ትልቅ ስለሆነ ቢያስቸግራችሁም አያመልጣችሁም። ከዚያ የማጣቀሻ ነጥቡን ሆን ብላችሁ አዛውሩና ካርታው ምን እንደሚሆን እዩ። ከየትኛውም ማብራሪያ በላይ ያስተምራችኋል።

በመጨረሻ የሚቀረን እርሻ ነው። እንደ ሴንቲኔል ያለ አጭር ሞገድ ቅጠል ላይ ይነጥራል። ሰብሉ ሲያድግ፣ ማሳው ሲታረስ፣ በሁለቱ ምስሎች መካከል ያለው ዝምድና ይጠፋል፤ ካርታው በዘፈቀደ የተረጨ ቀለም ይሆናል። ውሃ በብዛት የሚሳበው ደግሞ ለእርሻ ነው። በ2014 እና በ2015 መካከል በነበረው ድርቅ፣ ካሊፎርኒያ ኮርኮራን አካባቢ 8 ወር ውስጥ ከ30 ሴንቲሜትር በላይ መሬቱ መውረዱ በራዳር ተለክቷል። ረጅም ሞገድ ግን፣ 24 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነው፣ ቅጠሉን አልፎ መሬቱ ጋ ይደርሳል። በሐምሌ 2025 የአሜሪካና የህንድ የጠፈር ድርጅቶች ኒሳር የተባለውን ሳተላይት አመጠቁ። በዚሁ ረጅም ሞገድ በየ12 ቀኑ አብዛኛውን የብስ እንዲያይ ነው የተሠራው፤ መረጃውም ክፍት ነው። እስካሁን በሴንቲኔል ሠርቼ እርሻው ላይ ባዶ የተውኳቸው ካርታዎች አሉኝ። መጀመሪያ የምሞላው እነሱን ነው።